«ምን አገባን?» ላለው ሰውዬ

«የዩክሬን ነገር ምን አገባን? መሣሪያ የሚልኩት ናቸው ጦርነቱን ያቆዩት! እጃቸውን ይሰብስቡ!» አለ። ጮክ ብሎ ነው ያለው፤ ቤቱ እንዲሰማለት። ቤቱም ሰማ። እንግዲህ እኛም ጮክ እንበላ። እናንተ ከዳር ያላችሁ፣ ወንበር ሳብ ሳብ አድርጉ። ዛሬ የያዝነው ሰው አያ ምናገባን ይባላል። በየሰፈሩ አለ። በየጠረጴዛው አለ። ሒሳብ ሲመጣ ብቻ ነው የሚጠፋው።

በል ስማ አያ ምናገባን። እኛን ማን ገባችሁ አለን? የገባውማ ሌላ ነው። የካቲት 17 ቀን 2014 ዓ.ም. ገና ጎህ ሳይቀድ በሰሜንም፣ በምሥራቅም፣ በደቡብም ታንኩን አሰልፎ የገባ ሰውዬ አለ። «ምን አገባህ?» የሚባለው እሱ ነው። አንተ ግን የገባውን ትተህ፣ ለተገባበት ስንቅ የሚያቀብለውን «ምን አገባህ?» ትላለህ። ጥያቄህ ጥሩ ነው፤ የተሳሳተው አድራሻው ነው። ወደ ሞስኮ ላከው፤ ቴምብሩን እኛ እንከፍላለን።

«እኔ ገለልተኛ ነኝ!»

ገለል በላ! ገለልተኛ ሰው ገለል ይላል። አንተ ግን መንገዱ መሃል ቆመህ መኪና ታስቆማለህ፤ ያውም ወደ ኪየቭ የሚሄደውን ብቻ። የኢራን ሻሄድ ድሮን ወደ ሞስኮ ሲጫን ፉጨትህ አልተሰማም። የሰሜን ኮሪያ ወታደር በሺህ ተቆጥሮ ኩርስክ ሲራገፍ «የውጭ እጅ ይውጣ» አላልክም። እ.ኤ.አ. በ2025 የሩሲያ ጦር ኤታማዦር ሹም ራሱ በአደባባይ ሰሜን ኮሪያዎቹን አወድሷል። ባለቤቱ አመስግኖ የጨረሰውን አንተ ገና አልሰማህም። ወይስ ለወራሪ ሲሆን የውጭ እጅ የውስጥ ይሆናል?

አሁን ደረቱን ነፋ። ዋናዋን መዘዛት። «ሩሲያ እኮ ዓድዋ ጊዜ ረድታናለች! ውለታ ቢስ አንሁን!»

እሰይ! ይቺን ነበር ስጠብቃት የቆየሁት። እናንተ ፍረዱ፣ ጆሯችሁን አቁሙ፤ ሰውዬው በራሱ ላይ ምስክር ቆጥሮ መጥቷል።

አዎ ረድታናለች። ማንም አይክድም፣ እኔም አልክድም። ሊዮንቲየቭ የሚባለው ሩሲያዊ መኮንን በ1887 ዓ.ም. መጥቶ ምኒልክን አገኘ፤ የኢትዮጵያን መልክተኞች ይዞ ሴንት ፒተርስበርግ ወሰደ። ከዓድዋ በኋላ ደግሞ የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞቹን ላከ፤ አዲስ አበባ ላይ ድንኳን ተክለው ቁስለኛ አከሙ። እሺ አያ ምናገባን፣ ይሄ በአማርኛ ምን ይባላል? አገር ተወረረች፤ የውጭ መንግሥት ለተወረረችው ረዳት ላከ። ይኸው ነው! አንተ «ይቁም» የምትለው ነገር ይኸው ነው! ስታመሰግነው «ውለታ»፣ ሌላ ሰው ሲያገኘው «ጣልቃ ገብነት»?

ገና ነኝ። እነዚያ ሐኪሞች ሲመጡ በምጽዋ ለማለፍ ጠየቁ። ጣሊያን «አታልፉም» አለች። ዞረው በጂቡቲ፣ ከዚያ በሐረር፣ በበቅሎ ጀርባ መጡልን። አሁን ራስህን ምጽዋ ወደብ ላይ አቁመው። ፊትህን ወደ የትኛው ወገን አዙረህ ነው የምትቆመው? «ጦርነቱን አታራዝሙ፣ ፋሻችሁን ይዛችሁ ተመለሱ፣ ምን አገባችሁ?» የምትል ከሆነ፣ ከኋላህ የተሰለፈው ማን እንደሆነ ዘወር ብለህ እይ። ባርኔጣው ላይ ላባ አለው!

ውለታ ስላልክ ደግሞ ውለታውን በደንብ እንቁጠረው። ያ ሊዮንቲየቭ የየት ሰው ነው? የኬርሶን ግዛት ሰው። ኬርሶን የት ናት? ዩክሬን። ማን ያዛት? በ2014 ዓ.ም. የሩሲያ ጦር። ማን አስለቀቃት? ኅዳር 2 ቀን 2015 ዓ.ም. የዩክሬን ወታደር፣ በእርዳታ በተገኘ መድፍ ጭምር። ከቀይ መስቀሉ ጋር የመጣው ቡላቶቪችስ፣ ያ የከፋን ምድር ዞሮ የጻፈልን? መቃብሩ ሱሚ ክፍለ አገር ነው። ሱሚስ? ዩክሬን። ያኔ ዕርዳታውን የላከው አንድ ሰፊ ንጉሠ ነገሥታዊ ግዛት ነበር፤ ሞስኮም ኪየቭም ኦዴሳም ውስጡ ነበሩ። የጋራውን ውለታ ጠቅልሎ ለክሬምሊን ያስረከበው ማነው? አንተ! ያለ ውክልና!

ካራማራንም አንርሳ። በ1970 ዓ.ም. የዚያድ ባሬ ጦር ጅጅጋን ሲይዝ፣ የሶቪየት አውሮፕላን መሣሪያ አራገፈ፤ ኩባ ሺህ በሺህ ወታደር ላከች። ኩባ ከካሪቢያን ባሕር ተነሥታ ኦጋዴን ምን አገባት? አንተ ግን ካራማራ በተነሣ ቁጥር ቆመህ ታጨበጭባለህ። አጨብጭብ! እኔም አብሬህ አጨበጭባለሁ። ኪየቭ ላይ ስትደርስ ግን እጅህን ኪስህ አትክተት።

«እሺ እሺ፣ ታሪኩን ተወው። እርዳታ ጦርነት ያራዝማል። እርዳታው ቢቆም ጦርነቱ ያልቃል።»

ያልቃል! ማለቁንማ ያልቃል። ምን ሆኖ እንደሚያልቅ ግን እዚህ አገር ሞክረነዋል። ፈተናውን ተፈትነን፣ ውጤቱን አይተን፣ ሰርተፊኬቱን በደም ተቀብለናል። በ1927 ዓ.ም. ክረምት፣ ሙሶሊኒ ጦሩን ምጽዋና ሞቃዲሾ ሲያራግፍ፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ «ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም» አሉ። አሜሪካም የገለልተኝነት ሕግ አወጣች፤ ለሁለቱም መሣሪያ አንልክም። እኩል! ፍትሐዊ! ጎተራው ሞልቶ ለፈሰሰውና ቁናዋን ይዛ ለቆመችው እኩል ገበያ ተዘጋ። ጣሊያን አውሮፕላኑንም፣ ታንኩንም፣ የመርዝ ጋዙንም በገዛ ፋብሪካው ያመርታል። ኢትዮጵያ ጥይት ሳይቀር ከውጭ ነው የምታስገባው። ይኼን ነው ያንተ ጓደኞች ያኔ «ገለልተኝነት» ያሉት።

ከዚያ የዓለም መንግሥታት ማኅበር ማዕቀብ ጣለ። ብዙ ነገር ተከለከለ። ነዳጅ ግን አልተከለከለም። የጣሊያን መርከብ ወታደርና ጋዝ ጭኖ፣ በስዊዝ ቦይ ቀረጡን እየከፈለ አለፈ። ቦይ ሳይዘጋ፣ ነዳጅ ሳይነካ፣ ሙሶሊኒን «ቅር ብሎናል» አሉት። ቅር ቢላቸው ቅሬታ ይጻፉ! እኛ ላይ ግን ከሰማይ የሚወርደው ጋዝ ነበር። የስዊድን ቀይ መስቀል ሆስፒታል ሳይቀር መልካ ዲዳ ላይ በቦምብ ተመታ።

እና ጦርነቱ አልረዘመም። ያንተ ምኞት ደረሰ። መስከረም 1928 ተጀምሮ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ባዶሊዮ አዲስ አበባ ገባ። ሰባት ወር! አጭር፣ ቆንጆ፣ ያለ ብዙ እርዳታ። ሰላም ሆነ ማለት ነው? የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የሆነው እኮ በዚያ «ሰላም» ውስጥ ነው! ጦርነት በሌለበት ከተማ፣ በሦስት ቀን፣ ቤት እየተቃጠለ፣ ሰው በአካፋ እየተደበደበ። ስድስት ኪሎ ሐውልቱ ቆሟል፤ በታክሲ ታልፍበታለህ። የዩክሬኗ ቡቻም እንደዚያው ናት፤ መድፉ ዝም ባለበት፣ ወራሪው በያዘው መንደር፣ ሰው እጁ ወደ ኋላ ታስሮ ነው የተገኘው። ተኩስ ቆመ ማለት መግደል ቆመ ማለት የሚመስለው፣ ተይዞ የማያውቅ ሰው ነው። እኛ ተይዘን እናውቃለን። አንተን ይኼን ማስረዳት ነበረብን?

«መሬት ቢሰጡትስ? ትንሽ ቆርሰው ቢሰጡት ይረካል።»

ኧረ ተው! ይቺንም በልተናታል። ኅዳር 1928 መጨረሻ። ሆር የሚባል የእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር፣ ላቫል የሚባል የፈረንሳይ ጠቅላይ ሚኒስትር፣ ፓሪስ ላይ ቁጭ ብለው ኢትዮጵያን ቆረሷት። ሆርዬ ያዘ፣ ላቫል ላጨ። ለሙሶሊኒ ሰፊው መሬት፤ ለእኛ ወደ ባሕር የምታወጣ ቀጭን መንገድ። የለንደኑ ታይምስ ጋዜጣ እንኳ አይቷት «የግመል መተላለፊያ» ብሎ ተሳለቀባት። ጠያቂ አልነበረም፤ ባለ አገሩ አልተጠራም፤ ግመሉም አልተማከረም።

ያን ጊዜ ማን ጮኸ መሰለህ? የእንግሊዝ ሕዝብ። ዝም ብሎ መንገደኛው፣ የቤት እመቤቷ፣ የፋብሪካ ሠራተኛው። ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ከ11 ሚሊዮን በላይ እንግሊዛውያን በየቤታቸው ድምፅ ሰጥተው፣ አገር አገርን ሲወር ወራሪው በኢኮኖሚ ይቀጣ ያሉት ከ10 ሚሊዮን በላይ ነበሩ። የሆር ሸፍጥ ሲወጣ አገሩ ተነሣ፤ ሆር ሥልጣኑን ለቀቀ፤ ወር አለፍ ብሎ ላቫልም ወደቀ። ያን ጊዜም ለንደን ውስጥ «አቢሲኒያ ምን አገባን?» የሚል ሞልቶ ነበር። ያንተ አያት መሆን አለበት፤ ድምፁ ይመሳሰላል።

ሲልቪያ ፓንክረስትን እኮ እንዲህ ነበር የሚሏት። «አርፈሽ አትቀመጪም? ምን አገባሽ?» እሷ ምን አደረገች? ጋዜጣ አወጣች፤ ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ ብላ ሰየመችው፤ ዓለም ኢትዮጵያን ቀብሮ አፈር ሲመልስ እሷ በየሳምንቱ ቆፈረች። ዛሬ ያረፈችው ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል፣ ከአርበኞቹ ጎን ነው። ያገባታል ያልናት እኛ ነን። አንተ ያን ጊዜ ብትኖር የምትላትን እሷም አልሰማችም፤ እሰይ!

ወደ ዩክሬን ልመለስ፣ ውል ልንገርህ። ውል ትወዳለህ አይደል፣ «ይፈራረሙ» ትላለህ። ተፈራርመዋል እኮ! ዩክሬን ከሶቪየት ስትወጣ ከዓለም ሦስተኛው ትልቁ የኑክሌር ክምችት ግዛቷ ላይ ነበር። አስረከበች። በምትኩ ሩሲያ፣ አሜሪካና እንግሊዝ ድንበርሽን እናከብራለን፣ ጦር አናነሣብሽም ብለው ቡዳፔስት ላይ ፈረሙላት። ቡዳ የበላው ፊርማ! ቀኑን ልንገርህ? ኅዳር 26 ቀን 1987። ወልወል ላይ ጣሊያን የተኮሰብን ኅዳር 26 ቀን 1927። ልክ 60 ዓመት፣ ቀኑ ሳይዛነፍ። በወልወልም ጊዜ ከጣሊያን ጋር የ20 ዓመት የወዳጅነት ውል ነበረን፤ ከተፈረመ ገና ሰባት ዓመት አልሞላውም። እንግዲህ «አዲስ ወረቀት ይፈርሙና ይለቅ» ስትል፣ ወረቀቱን ማን እንደሚጠብቀውም አብረህ ንገረን። ወረቀት ራሱን አይጠብቅም። ጠባቂ ሲኖረው ነው ውል የሚባለው፤ ጠባቂው ደግሞ ያው አንተ «አትላኩ» የምትለው ነው።

ድርድር ይሻላል ትላለህ። ማን ጠላ? ግን ታንኩ ነው እኮ ተደርድሮ የመጣው! 60 ኪሎ ሜትር ተደርድሮ ኪየቭ ደጅ ቆሞ ነበር። ያ ሰልፍ የተመለሰው በልመና አይደለም።

«ኔቶ ነው ያስቆጣው። ኔቶ ባይጠጋ...» ኔቶ ኔቶ ስትል ኔትወርክህ ተቋርጧል፤ ላሳጥርልህ። ፊንላንድ እ.ኤ.አ. በ2023 ኔቶ ገባች። ከሩሲያ ጋር 1,300 ኪሎ ሜትር ድንበር አላት። ተወረረች? አልተወረረችም። ታዲያ ቁጣው ፊንላንድ ሲደርስ የት ገባ? የሞስኮው ሰውዬ ራሱ ወረራው ሰባት ወር ሲቀረው ረጅም ጽሑፍ ጽፎ ዩክሬኖችና ሩሲያውያን አንድ ሕዝብ ናቸው አለ። ምክንያቱን በፊርማው ጽፎ ሰጥቶህ፣ አንተ ሌላ ምክንያት ትሰፋለታለህ። አንድ ሕዝብ ናቸው ከተባለ ደግሞ፣ ሕዝቡ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1 ቀን 1991 ተጠይቆ ከመቶ ከ90 በላይ «እንለያለን» ብሏል። ክራይሚያ እንኳ ከግማሽ በላይ። ክራይሚያን ካነሣሁ አይቀር፣ ሩሲያ እዚያ ላለው የባሕር ኃይል ሰፈሯ ለዩክሬን ኪራይ ትከፍል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 ተከራዩ ባለቤት ሆነ! ክራይሚያን ያለ ኪራይ ወሰዳት። የቀበሌ ቤት የያዘ ሁሉ ይኼን ሰምቶ ሐሳብ እንዳይመጣበት።

አሁን ዋሺንግተን ያለው የአክስቱ ልጅ ደወለለት። «ግብራችን በዩክሬን አለቀ! ቢሊዮን! በቢሊዮን!» ዶላሩ የት እንደተዶለ ጠይቀሃል፣ የኔ ወንድም? 155 ሚሊሜትር የመድፍ ጥይት ስክራንተን፣ ፔንስልቬንያ ነው የሚመረተው። አንተ ካለህበት በመኪና የግማሽ ቀን መንገድ። ከእርዳታው ብዙው እዚያው ደሞዝ ሆኖ፣ እዚያው ፋብሪካ ሆኖ፣ ዕቃው ነበር የሚሻገረው። እና ስንት ጊዜ ተከራከራችሁ? የ61 ቢሊዮኑን ሕግ ኮንግረስ ለወራት ይዞት ከረመ። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 20 ቀን 2024 በተወካዮች ምክር ቤት በ311 ለ112 አለፈ። እስከዚያ ድረስ የዩክሬን መድፈኛ ጥይቱን እየቆጠረ ይተኩስ ነበር፤ የካቲት ላይ የአቭዲቪካ ከተማ ተወሰደች። የተራዘመው ክርክራችሁ ነው፤ ያጠረው ጥይቱ ነው። ከሁለቱ ማነው ሰው የገደለው?

አውሮፓም አጀማመሯ አያድርስ! ወረራው ወር ሲቀረው፣ ጦሩ ድንበር ላይ እየተከማቸ፣ ጀርመን 5,000 የራስ ቁር ልትልክ ተነሣች። የኪየቩ ከንቲባ፣ ያ ቦክሰኛው ክሊችኮ፣ ቀጥሎ ትራስ ልትልኩልን ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ከራስ ቁር ወደ ትራስ! ሰውዬው ቡጢ ድሮ ነው የተወው ይላሉ፤ አልተወም። ጀርመንም ቡጢው ገብቷት፣ ኋላ ከትልልቆቹ ሰጪዎች አንዷ ሆነች። አየህ፣ ተረብም ይረዳል።

«ሌብነቱስ? ዩክሬን ሌባ ብቻ ናት!» ሌባ አለ። ለወታደር እንቁላል በእጥፍ ዋጋ ተዋውለው ተገኝተዋል፣ ጦርነት መሃል። ማን አጋለጠ? የራሳቸው ጋዜጠኛ። ምን ሆነ? የመከላከያ ሚኒስትሩ በዚያው ዓመት ተቀየረ። እ.ኤ.አ. በ2025 ክረምት ደግሞ ፓርላማው የፀረ ሙስና ተቋማቱን ሊያሽመደምድ ሕግ ቢያወጣ፣ ወጣቱ ድሮን በሚያንዣብብበት ከተማ ካርቶን ላይ ጽፎ አደባባይ ወጣ፤ ሕጉ በዘጠኝ ቀን ተሻረ። ቦምብ እየወረደበት ሌባውን የሚያሳድድ ሕዝብ ነው «ሌባ» የምትለው። የእንቁላሉን ዋጋ ካወቅህ፣ የከተማውን ዋጋም እወቅ።

ቆይ፣ አሁን ያነሣው ግን ከባድ ነው። እዚህ ላይ አልቀልድም። «ለኢራቅ ማን ጮኸ? ለጋዛስ? የኛ ሰው በሰሜን ሲያልቅ ዓለም የት ነበር? ጥቁር ተማሪ ከዩክሬን ሲሸሽ ፖላንድ ድንበር ላይ ወደ ኋላ ሲገፋ አላየህም?»

አይቻለሁ። እውነት ነው፣ ሁሉም። ልጆቻችንን ከአውቶቡስ ያወረደ እጅ ያፍራል። ለአንዱ ዕንባ፣ ለሌላው ትከሻ ማሳየት ነውር ነው። ግን አንተ ለኢራቅ ስትጮህ አልሰማሁህም፤ ኢራቅን የምታስታውሳት ዩክሬን ስትነሣ ብቻ ነው። ለዚያ ያልጮኸ አፍ፣ ለዚህም እንዳይጮህ ያንን ይጠቅሳል! ለሁሉም እንጩህ ካልክ መጣሁ፣ ድምፄም አለ። ለማንም አንጩህ ካልክ ግን፣ ያደላውን ዓለም አልቀጣህም፤ ቁጥሩን ጨመርክለት።

ሰው እንዲህ ሲበደል ምን እንደሚያደርግ የአሜሪካን ጥቁሮች ጠይቅ። በ1928 በገዛ አገራቸው ሰው ሆነው አልተቆጠሩም። በዛፍ ይሰቀሉ ነበር፤ በአውቶቡስ ከኋላ ይቀመጡ ነበር። «ለእኛ ማን ደረሰልን?» የማለት መብት ያለው ሰው ቢኖር እነሱ ነበሩ። አላሉም። ሳንቲም አዋጡ፣ ሰልፍ ወጡ፣ ልዝመት ብለው ተመዘገቡ፤ መንግሥታቸው ከለከላቸው። ጆን ሮቢንሰን ግን ከቺካጎ መጥቶ ለኢትዮጵያ አውሮፕላን አበረረ። ለንደን ላይ ሲ. ኤል. አር. ጄምስና ጆሞ ኬንያታ ለኢትዮጵያ ማኅበር አቋቋሙ፤ ኬንያታ ራሱ ያን ጊዜ ቅኝ ተገዢ ነበር። የራሱ አገር ሳይፈታ ያንተን ሊያስፈታ ተነሣ። አንተ ደግሞ ነፃ አገር ላይ ተወልደህ፣ ቡናህ እንዳይቀዘቅዝ ትፈራለህ።

«አሁንም ግን እኔን በቀጥታ የሚነካኝ ነገር የለም።»

አፍህን ጥረገው፤ ፍርፋሪ አለበት። ስንዴ ነው። ጥቁር ባሕር ሲዘጋ የዳቦው ዋጋ እዚህ ሰፈር ነው የጨመረው፤ የዘይቱም። መንገዱ በድርድር ሲከፈት፣ የዓለም የምግብ ፕሮግራም የመጀመሪያ መርከቡን ጫነ፤ ብሬቭ ኮማንደር የሚባል፣ 23,000 ቶን የዩክሬን ስንዴ ይዞ ነሐሴ 2014 መጨረሻ ላይ ጂቡቲ ደረሰ። ለማን ነበር? ለኢትዮጵያ! የተወረረች አገር ገበሬ ፈንጂ መሃል ያጨደው ስንዴ ነው። በዓመቱ ሩሲያ ከስምምነቱ ወጣች፤ ኦዴሳ ወደብ ላይ የእህል መጋዘን በሚሳይል ተመታ። ስንዴው «ምን አገባኝ» ብሎ ቢቀር፣ አንተ ምን ትበላ ነበር? ፖለቲካህን?

አሁን ላሳዝንህ ነው፣ ራሴም አዝኜ። የካቲት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. የት ነበርክ? የዓድዋ ቀን ነው፤ ጎፈር ደፍተህ፣ ጋሻ ይዘህ፣ ምኒልክ አደባባይ ነበርክ። እኔም ነበርኩ። በዚያችው ዕለት ኒውዮርክ ላይ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ወረራውን ለማውገዝ ድምፅ ሰጠ። 141 አገር ደገፈ፤ 5 ተቃወመ፤ 35 ድምፀ ተአቅቦ አደረገ፤ 12 አገር ጭራሽ ድምፅ አልሰጠም። ከ12ቱ አንዷ ኢትዮጵያ ናት። በዓድዋ ቀን! ሰኔ 23 ቀን 1928 ጃንሆይ ጄኔቫ ላይ ቆመው፣ የጣሊያን ጋዜጠኞች እያፏጩባቸው፣ ትንንሽ አገሮች ሲወረሩ ዝም አይባልም ያሉት የኛን ስም ይዘው ነበር። ቀጥለው 10 ሚሊዮን ፓውንድ ብድር ጠየቁ። ተከለከሉ። የደገፈ አንድ ድምፅ ብቻ ተገኘ፤ እሱም የራሳችን ነበር። 25 አገሮች ያኔ «ተአቅቦ» አሉ። ያን ዝምታ እኛ እናውቀዋለን፣ ጣዕሙ አሁንም ምላሳችን ላይ አለ። ምክንያት ነበረን ትለኛለህ፤ ጦርነት ላይ ነበርን፣ ከምዕራቡ ጋር ተኳርፈን ነበር። ያኔ ለከለከሉንም ለያንዳንዳቸው ምክንያት ነበራቸው። አንድም ምክንያት የሌለው አልነበረም!

ከዚያ ወዲህ ደግሞ እኛው ራሳችን ኮሪያ ድረስ ሄደናል። ቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ከጂቡቲ መርከብ ተሳፍሮ፣ በካርታ አይቶት ለማያውቀው አገር ተዋጋ፤ ከ100 በላይ ልጆቻችን ወደቁ። ጃንሆይ የላኩት ጄኔቫን አስታውሰው ነው። ካርታ ስል ትዝ አለኝ፤ እ.ኤ.አ. የካቲት 2025 ዋይት ሐውስ ውስጥ የዩክሬኑን ፕሬዝዳንት ዜሌንስኪን «በእጅህ ካርታ የለህም» አሉት። ካርታማ አለው! ዓለም ያወቀለት፣ ድንበሩ የተሰመረ፣ ሩሲያም የፈረመችበት። የቸገረው ካርታውን የሚቀድበት ሰው ነው።

አያ ምናገባን ተነሣ፤ ሰዓቱን አየ። ሒሳብ መምጣቱ ነው። የት ነህ ስለው «ሜክሲኮ» አለኝ። ሜክሲኮ! እስቲ ስሙ ከየት እንደመጣ ልንገርህ። ጣሊያን ኢትዮጵያን ጠቅልዬአለሁ ሲል ብዙዎቹ መንግሥታት አንድ በአንድ እሺ አሉት። ሜክሲኮ እንቢ አለች። ከባሕር ማዶ፣ ከእኛ ጋር ንግድም ድንበርም የሌላት፣ በራሷ ጣጣ የተጠመደች አገር «አላውቅልህም» አለች። አደባባይ ሰጠናት። እሷም ዋና ከተማዋ ላይ ኢትዮጵያ የሚባል አደባባይ ሰጠችን፤ የባቡር ጣቢያም አለው። በል ታክሲው መጥቷል፣ ግባ። ሜክሲኮ ስትደርስ ውረድ። «ምን አገባን» የሚባል ፌርማታ በዚህ መስመር የለም፤ ረዳቱን ብትጠይቀውም አያውቀውም!